ለብርማዋ ሴት ሻሽ

የወደፊቱ ዘመን ወደ ቤታችን የመጣው በሳሙና ካርቶን ነው።

ተሸክማ ያመጣችው ከሜኔሊክ አደባባይ ጀርባ ከአንድ የፈረንጅ ቤተሰብ ጋር እየኖረች የምትሠራ የወሎ ሴት ናት። የአባቴ ጨርቅ ሱቅ ደንበኛ ነበረች፤ ለእህቶቿ የምትልከውን ሻሽና ቀሚስ ከእኛ ነው የምትገዛው። አሠሪዎቿ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ጓዛቸውን ሲሸክፉ አንድ ካርቶን «ይሄን ጣይው» ብለው ሰጧት። መጣል ግን አንጀቷ እምቢ አለ። ወረቀት ነዋ! ወረቀት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ታውቃለች። ያን ሁሉ መንገድ በዚያ ፀሐይ አቋርጣ እኛ ሰፈር ካርቲየ 2 ድረስ መጣችና አክስቴ እግር ሥር ዘረገፈችው።

«እትዬ፣ ለልክ መቁረጫ ይሆንዎታል ብዬ ነው።»

«እትዬ አትበይኝ አላልኩሽም? ሳላረጅ ታስረጂኛለሽ» አለች አክስቴ። ዓይኗ ግን ካርቶኑ ላይ ነበር።

እኛ በባቡር ወደዚህ የወደብ ከተማ የወረድን የድሬዳዋ ሰዎች ነን። እርስ በርሳችን «እርስዎ» አንባባልም፤ አባቴንም አክስቴንም «አንተ»፣ «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግኩት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከሱቁ ጀርባ፣ በመጋረጃ በተለየችው ክፍል ውስጥ ልብስ ትሰፋለች። አንገትጌውንና እጅጌውን መጀመሪያ በወረቀት ትቆርጣለች፤ ከዚያ ወረቀቱን ጨርቁ ላይ በስፒል ወግታ ዙሪያውን በመቀስ ትከተላለች። በዚህ የተነሳ እኛ ቤት ወረቀት ዕድሜ የለውም። ጋዜጣ ይሁን፣ የሲሚንቶ ከረጢት ይሁን፣ የኔ የሂሳብ ፈተና ይሁን (ይሄኛው ብዙም አላስከፋኝም)፣ ወይ አንገትጌ ይሆናል ወይ ኪስ።

የዚያን ቀን እኔ ከትምህርት ቤት ገና መግባቴ ነው፤ ቦርሳዬን እንኳ አላወረድኩም። አክስቴ ከላይ ያለውን መጽሔት አንስታ መቀሱን ከፍታለች። ከመቀሱ ሥር ምን አየሁ መሰላችሁ? በቀጭን እግሮች ላይ የቆመ የመስታወት ከተማ። ሰማዩ ብርቱካናማ ነው። ሁለት ጨረቃ ወጥቷል። በሕንጻዎቹ መሀል መኪኖች ይበራሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ካባ የለበሰ ሰውዬ አንድ ሙሉ ባቡር በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ወደ እኔ እየመጣ ነው።

ጮኽኩ። አባቴ ጣቴን የቆረጥኩ መስሎት ከሱቅ እየሮጠ መጣ።

ያኔ ኮሚክ፣ ይሄ በሥዕል የሚተረከው መጽሔት፣ ምን እንደሆነ በደንብ አላውቅም ነበር። በስልክ ፊልም አይቻለሁ፤ የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይም ሥዕል አለ። እነዚህ ግን ሌላ ነገር ነበሩ። አንዳንዶቹ የአባቴ እኩያ ናቸው። ወረቀታቸው የሻይ ቀለም ይዟል፤ ሲገልጧቸው የቆየ እንጨት ይሸታሉ። ቀለሙ ደግሞ ቀለም አይደለም፤ ነጠብጣብ ነው! ጀግናውን ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ኩፍኝ እንደያዘው ሕፃን ፊቱ በቀይ ነጥብ ይሞላል፤ ትንሽ ስትርቁ ነጥቦቹ ተሰብስበው ጉንጭ ይሆናሉ። የሴቶቹ የከንፈር ቀለም ከከንፈራቸው መስመር ወጣ ብሎ ቀርቷል፤ ታክሲ ላይ ሆና እንደተቀባች ሴት። ስህተት ነው፤ አውቃለሁ። ግን ያንን ስህተት ስወደው! የሆነ ቦታ፣ የሆነ ሰው፣ ቀለም ውስጥ ብሩሹን ነክሮ ያንን አገጭ በአንድ ጥቁር ጭረት እንደሠራው ይታያል። ብሩሹ ሲደርቅ ጭረቱ ጫፉ ላይ ተበጣጥሷል። አሁን ስልክ ላይ የማያቸው ሥዕሎች ሁሉ ልስልስ ያሉ ናቸው፤ የሠሪው ላብ አይታይባቸውም።

ደግሞ የሚያስቀኝ፣ ሁሉም ስለ ወደፊቱ ነው የሚያወሩት። አንደኛው ላይ «በሁለት ሺህ ዓመት ሰው ሁሉ ይበራል» ይላል። ሁለት ሺህ ካለፈ ቆየ እኮ! እኔ ካርቲየ 2 ውስጥ መብራት ሄዶ፣ ማራገቢያው ቀጥ ብሎ፣ ላቤ ገጹ ላይ እንዳይንጠባጠብ በሻሼ ጫፍ ይዤ እየገለጥኩ ነው ይህን የማነበው። እነሱ ያለሙት ዘመን አልፎኛል፤ አልደረሰኝምም። ሁለቱም በአንድ ላይ እንዴት እንደሚሆን አላውቅም፤ ብቻ ያናድዳል።

ወደ ነገሬ ልመለስ።

«አባዬ፣ ፍረደኝ!» አልኩ ካርቶኑን አቅፌ። «ልትቆራርጣቸው ነው!»

አባቴ አንዴ እኔን፣ አንዴ እህቱን አየ። «ካርቶኑ የመጣው ለእሷ ነው» አለ። «እኔ ደግሞ ከእሷ ጋር ሙግት አልገባም። ከተወለድኩ ጀምሮ አሸንፌያት አላውቅም።» ይህን ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እንዲህ ነው አባቴ። ጨርቅ ሲሸጥ ስንዝር የማይለቅ ሰውዬ አክስቴ ፊት ይቀልጣል።

አክስቴ መቀሱን አስቀምጣ መነጽሯን አደረገች። «እስቲ ምን ሆነው ነው እንዲህ ያስጮኹሽ?» ብላ መግለጥ ጀመረች። ባቡር የተሸከመውን አለፈችው። ባሕር ውስጥ ያለውን አለፈችው። ከዚያ አንዲት ጀግና ላይ ደረሰች፤ ከዋና ልብስ የማይበልጥ ነገር የለበሰች፣ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ የቆመች።

«አስታግፊሩላህ! የዚችን ሴትዮ ልብስ ማን ወሰደባት?»

«አክስቴ፣ ጀግና ናት። ዓለምን ነው የምታድነው።»

«ዓለምን ከማዳኗ በፊት ትልበስ። እስቲ ጫማዋን እዪ! እስከ ጉልበቷ ቆዳ። ለጫማ ይህን ሁሉ ቆዳ ያወጣ ሰው ለጭኗ አንድ ክንድ ጨርቅ ያጣል?»

እውነቷን ነው። ግን በዚያ ሰዓት እውነቷን ነው ብዬ ላምንላት አልፈለግኩም።

«እዚህ ክፍል ሰው ይሰግዳል» አለች። «ሰርገኞች ይገባሉ፣ ትልልቅ ሴቶች ይገባሉ። እነዚህ ሥዕሎች ወይ ይለብሳሉ፣ ወይ አንገትጌ ይሆናሉ። ምረጪ።»

«ይለብሱ» አልኩ ፈጠን ብዬ። «ይለብሳሉ» ስትል ልክ እንደ ደብተር በላስቲክ ይሸፈናሉ ማለቷ መስሎኝ ነበር። እኔ ሞኝ! አክስቴ ስለ ልብስ ስታወራ ስለ ልብስ ነው የምታወራው። ከመሳቢያዋ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣች፤ ቢስሚላህ አለች፤ ለጀግናዋ እጅጌ ጀመረችላት።

እጅጌ! እስከ አንጓ! ከዚያ ቀሚስ፣ ከቀሚሱ ሥር ደግሞ ሱሪ፤ «የምትበር ከሆነ ነፋስ ይገልባታል» ብላ።

እንባዬ መጣ። «ሥዕል እኮ ነው! ሰው የደከመበት ነው!»

«እኔስ እየደከምኩ አይደለም?»

ጫር ጫር አድርጋ ብታበላሸው ኖሮ ይሻለኝ ነበር፤ በንጹሕ ልቤ እጠላት ነበር። እሷ ግን እንደ ሥራዋ ነው የያዘችው። ቀሚሱ ጉልበት ላይ ሲታጠፍ የሚሠራውን መስመር ታወጣለች፤ እጅጌው ጫፍ ላይ ጥልፍ ታስገባለች። ግን በሰማያዊ እስክሪብቶ! በዚያ ሁሉ ቀይና ቢጫ ላይ! ደግሞ ወረቀቱ ስስ ነው፤ ቀለሙ ወደ ጀርባው ያልፋል። ጀርባው ገጽ ላይ ዓለምን ሊያጠፋ የሚዝተው ክፉ ሰውዬ ፊቱ ላይ የቀሚስ ጥላ ወጣበት። ማን ይፈራዋል? እኔ በበኩሌ ዛሬም ያንን ሰውዬ ሳየው መጀመሪያ የሚታየኝ ጥልፉ ነው።

ወንዶቹንም አልተወቻቸውም። እነሱ እንኳ ከአንገት እስከ እግር ለብሰዋል፤ የአክስቴ ጥያቄ ሌላ ነበር። «ስፌቱ የታለ?» አለች ገጹን ወደ በሩ ብርሃን አዙራ። «ቁልፍ የለ፣ ዚፕ የለ። ይሄ ሰውዬ በየት በኩል ነው የገባበት?» ከዚያ ለባቡር ተሸካሚው ጎንና ጎኑ ላይ ስፌት አወረደችለት፤ ደረቱ ላይ ቁልፍ ደረደረችለት። ዓለምን የሚያድን ሰውዬ የሱቅ ጠባቂ መሰለ።

ለእናቴ ከሰስኩ። «አርፈሽ ተቀመጪ፤ ከመቀስ አልዳኑልሽም?» አለችኝ። ፊደል ያስቆጠረችኝ እናቴ ናት፤ በፊደሉ ግን ይህን ሁሉ እንደምጽፍበት አልጠረጠረችም።

እንዲህ እንዲህ እያለ በየከሰዓቱ፣ ከተማው ሱቁን ዘግቶ በሚተኛበት ሰዓት፣ አክስቴ አንድ መጽሔት ታነሳለች። እኔ ተቃጥዬ አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። ብሄድ ደግሞ ምን እንደምታደርጋቸው አላውቅም። አንድ ቀን እስክሪብቶውን አንስታ ቆየችና፣

«ይቺ ወዴት ነው የምትሄደው?» አለችኝ።

«ለምን ፈለግሽው?»

«ሰው ልብስ ሊያሰፋ ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይሄን ነው። ለሰርግ ነው? ለለቅሶ ነው? ለመንገድ ነው? ሳላውቅ እንዴት ልቁረጥላት?»

አክስቴ ሱማሌኛና አረብኛ እንደ ውኃ ትናገራለች፤ ፈረንሳይኛ ግን አታነብም። ስለዚህ በፈረንሳይኛ የምማረው እኔ ማንበብ ጀመርኩ። ፈረንሳይኛውን በዓይኔ አያለሁ፣ በአማርኛ እነግራታለሁ። የት እንደምትሄድ ብቻ ብነግራት ይበቃ ነበር። ግን አንዴ ከጀመርኩ እኔም አላቆምም፤ ድምፄን አወፍራለሁ፣ ለፍንዳታው ጠረጴዛውን እመታለሁ። አክስቴም እጇ እየዘገየ መጣ። እስክሪብቶው አየር ላይ ይቀራል።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ድልድዩ ተሰበረ።»

«ልጆቹስ? አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት?»

«ቆይ፣ ልገልጥ።»

ገለጥኩ። የመጨረሻው ገጽ ነው። አውቶቡሱ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጀግናው እጁን ዘርግቷል፤ በእጁና በአውቶቡሱ መሀል አንድ ጣት የማታህል ቦታ ቀርታለች። ከሥር፣ ጥግ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፦ ይቀጥላል።

«ምን ማለት ነው ይቀጥላል?» አለች አክስቴ። «የት ነው የሚቀጥለው?»

«በሚቀጥለው ቁጥር።»

«አምጪዋ።»

ካርቶኑን ገለበጥኩት። የለም። የቀረው ሁሉ ሌላ ታሪክ ነው፤ እሱም ወይ መጀመሪያው የለ ወይ መጨረሻው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በየትኛውም ቋንቋ እንደዚያ ቃል የምጠላው የለም። ይቀጥላል! አሳታሚው ምናልባት ከተዘጋ ቆይቷል። ሠዓሊው በሕይወት ይኑር አይኑር እንጃ። ያኔ ሱቅ ሮጦ ቀጣዩን የገዛው ልጅ ዛሬ ሽማግሌ ነው፤ የአውቶቡሱ ልጆች ምን እንደሆኑ ያውቃል፣ ረስቶታልም። ልጆቹ ግን እኛ ቤት፣ ከአባቴ ጨርቅ ጀርባ፣ ዛሬም ተንጠልጥለዋል።

አክስቴ የደበቅኩባት ይመስል ተቆጣችኝ። «ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው? እኔ አንድ እጅጌ ሰፍቼ “ሌላው ይቀጥላል” ብል ሰው ምን ይለኛል?»

ለመጀመሪያ ጊዜ የተስማማነው ያኔ ነው።

አሁን ስለ ብርማዋ ሴት ልንገራችሁ። ካርቶኑ ሥር ነበረች። መጀመሪያ ያገኘኋት ቀን ለብዙ ጊዜ አልገለጥኳትም፤ ሽፋኑ ይበቃኝ ነበር። ቀይ አሸዋ ነው፣ ሰማዩ አረንጓዴ። ከኋላ ክንፍ ያላት ሮኬት ወድቃ አፍንጫዋ አሸዋ ውስጥ ተቀብሯል። ከፊት አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች። ብርማ ልብስ ከአንገቷ እስከ ጣቷ፤ ጭንቅላቷ ላይ ክብ መስታወት። መስታወቱ ውስጥ ፀጉሯ እንደ ማዕበል ተኝቷል። እሷ የምታየው እግሯ ፊት ያለውን ዱካ ነው፤ የሷ ያልሆነ ዱካ።

መስታወቱ ላይ ደግሞ አንዲት ጭረት አለች፤ የብርሃን ነጸብራቅ። ያቺ ጭረት አልተቀባችም። ሠዓሊው ዙሪያዋን ቀብቶ ወረቀቱን ባዶ ተወው፤ መስታወት የሆነው ባዶው ነው። ወረቀቱ አርጅቶ ቢጫ ስለሆነ ብርሃኑም አርጅቷል። ይህን ሳስተውል ምን እንደሆንኩ መናገር አልችልም። ቀለም ሳይቀቡ መስታወት መሥራት! ያንን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም፤ ጓደኞቼ «እሺ፣ እና?» አሉኝ። ከዚያ ካርቶን ሁሉ እንደተሠራች እንድትቀር የፈለግኩት እሷን ነው። ሌላው ሁሉ ይልበስ። እሷን ግን ማንም እንዳይነካት።

ደግሞ ምን ይነካታል? ለብሳለች! ስለዚህ ደረቴን ነፍቼ ለአክስቴ አቀረብኳት።

«እስቲ ይቺን እዪ። አንድ ጣት እንኳ አይታይም። ጓንት አላት።»

አክስቴ መነጽሯን ጠርጋ አየቻት። «ማሻአላህ» አለች። «አየሽ? ጨዋ ሰው አይጠፋም።» ልቤ አረፈ። መጽሔቱን ልቀበላት እጄን ስዘረጋ አልለቀቀችውም። «ፀጉሯ ግን ይታያል።»

«መስታወት ውስጥ ነው!»

«መስታወት ውስጥ ያለ ነገር አይታይም? ታዲያ የአባትሽ ሱቅ መስኮት ለምን ተሠራ?»

«አክስቴ፣ ያለችው ባዶ ዓለም ላይ ነው። ሰው የለም! ማን ያያታል?»

አክስቴ ጣቷን አሸዋው ላይ አሳረፈች። «ይሄ ዱካ የማነው?»

ዱካውን በአውራ ጣቴ ሸፈንኩት።

እስክሪብቶውን አነሳች። ሻሹ የሚያርፍበትን ቦታ በዓይኗ ለካች፤ ልክ ያቺ ያልተቀባች ጭረት ያለችበት ነው። እጇን ያዝኩት። እስከ ዛሬ የአክስቴን እጅ በጉልበት የያዝኩት ያኔ ብቻ ነው። ገርሟት አየችኝ፤ ግን አልተቆጣችም።

«እሺ፣ ወዴት ነው የምትሄደው? አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት። ሴትዮዋ ዱካውን ትከተላለች። ነፋስ ይነሳል፤ አየሯ እያለቀ ነው። ተራራ ሥር ትደርሳለች። ተራራው ላይ በር አለ። ታንኳኳለች። በሩ ይከፈታል፤ ከውስጥ ብርሃን ይወጣል፤ ፊቷ ይደነግጣል። ይቀጥላል።

አክስቴ ገጹን ገልብጣ ጀርባውን አየች። «ከበሩ ጀርባ ማን አለ?»

«አይታወቅም።»

«ወንድ ነው ሴት?»

«አይታወቅም አልኩሽ እኮ!»

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «እንግዲያው ትቆይ። ከበሩ ጀርባ ሴቶች ብቻ ካሉ ሻሹን ምን ታደርገዋለች? የምትሄድበትን ሳላውቅ አልሰፋም።»

ያ የምጠላው ቃል አዳነልኝ። ለመደሰት እንኳ አልተመቸኝም፤ ምክንያቱም መጽሔቷን ለኔ አልሰጠችኝም። ባለቤቶቻቸው ያልመጡላቸው ግማሽ የተሰፉ ልብሶች ያሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተተቻት። ማየት እችላለሁ፤ መውሰድ አልችልም። በየጊዜው ደግሞ፣ መርፌ እየሰካች፣ ስለ ዘመድ እንደሚጠይቅ ሰው «ስለዚያች ልጅ የሰማሽው አለ?» ትለኛለች። ከየት ልስማ? ማን ይነግረኛል? ኸምሲን የምንለው ትኩሱ ነፋስ ሲነሳ እንደ ብዙው ሰው ወደ ድሬ ወጣን፤ ስንመለስ አክስቴ ሻንጣዋን ሳትፈታ የከፈተችው ያንን መሳቢያ ነው።

የወሎዋ ሴት እንደገና የመጣች ቀን አባቴ ሶላት ሄዶ ሱቁን እኔ ይዤ ነበር። አሠሪዎቿ ሄደዋል፤ ሌላ ቤት ገብታለች። ከፌስታል ውስጥ አንድ መጽሔት አወጣች።

«የኔ እናት፣ ይቺ ማቀዝቀዣው እግር ሥር ነበረች። ማቀዝቀዣው እንዳይወዛወዝ ደግፈውባት። ማቀዝቀዣውን ሰው ሲወስደው አገኘኋት፤ ያንቺ ዓይነት ናት ብዬ አስቀመጥኳት።»

ሽፋኑን የማቀዝቀዣው እግር ክብ አድርጎ አጎድጉዶታል። ከክቡ ዙሪያ ግን አረንጓዴ ሰማይ ይታያል። ቀይ አሸዋ። ብርማ ትከሻ።

ቀጣዩ ቁጥር ነበር።

የወሎዋ ሴት ሄደች። እኔ በጨርቅ ጥቅሎቹ መሀል ቆሜ ቀረሁ። ከመጋረጃው ጀርባ የስፌት መኪናው ይንኳኳል። ነገሩ ግልጽ ነው፦ ይቺን ካነበብኩላት ከበሩ ጀርባ ማን እንዳለ ታውቃለች፤ ካወቀች እስክሪብቶው ይወጣል። ካላነበብኩላት ብርማዋ ሴት እንደተሠራች ትኖራለች። ለብቻዬ ላንብባት ብዬ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩ። በሩ ተከፍቷል፣ ብርሃን አለ። ሳላስበው አፌ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር፤ «እናላችሁ፣ በሩ እንደተከፈተ...» ብዬ ቆምኩ። «ከዚያስ?» የሚለኝ የለም። አንድ ዓመት ሙሉ ያበሳጨችኝ ሴትዮ በሌለችበት ታሪኩ አልሄድ አለኝ። እንዴት እንደተናደድኩ!

መጋረጃውን ገለጥኩ።

«አክስቴ፣ ስለዚያች ልጅ ሰምቻለሁ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። አክስቴ መሳቢያውን ከፈተች፣ ብርማዋን ሴት ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ እስክሪብቶውን አጠገቧ አደረገች። እጇን ከጨርቁ ብናኝ አራገፈች። «በይ።»

በሩ ይከፈታል። ረጅም አዳራሽ ነው። በአዳራሹ ግራና ቀኝ ሰዎች ቆመዋል።

«ወንዶች ናቸው?»

«ሴቶች ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። ደግሞ ሁሉም እሷን ይመስላሉ። አንድ ፊት ናቸው።»

«እህቶቿ ናቸው!» አለች አክስቴ፤ ደስታዋ! «አላልኩሽም? ከሴቶች ጋር ናት፤ ሻሽ አያስፈልጋትም።» ትንፋሽ ሳላወጣ ቀጣዩን ገለጥኩ። ሴቶቹ አይንቀሳቀሱም። ብርማዋ ሴት አንደኛዋን በእጇ ትነካታለች፤ ክንዷ ይከፈታል። ከውስጥ ሽቦ፣ ጥርስ ያላቸው መዘውሮች፣ ትንንሽ መብራቶች። ሴትዮዋ ጓንቷን ቀስ ብላ ታወልቃለች። የራሷን አንጓ ታያለች። ሠዓሊው እዚያ ላይ ምንም ቃል አልጻፈም፤ ገጹን በሙሉ ለአንድ ዓይን ሰጥቶታል። በዓይኗ ብሌን ውስጥ ደግሞ ያ ሁሉ መዘውር ይዞራል።

«ብረት ናት?» አለች አክስቴ በዝግታ።

«ብረት ናት።»

«ፀጉሯስ?»

«እሱም ሽቦ መሰለኝ።»

አክስቴ ወደ ሽፋኑ ጎንበስ ብላ ያንን ፀጉር ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የእስክሪብቶውን ክዳን ከደነች። «ላ ኢላሀ ኢለላህ። ይህን ሁሉ ጊዜ የተጨነቅኩት ለብረት ድስት ነው? ብረት ሻሽ አይለብስም።»

«የስፌት መኪናሽን ማታ ማታ ሻሽ ታለብሺው የለ?»

«ያ ለአቧራ ነው!» ብላ በሜትሩ ጫፍ ሾጥ አደረገችኝ። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «ምስኪን። እስከዚያ ድረስ ሰው መስላት ነበር እኮ» አለች። «በኋላስ ምን አደረገች?»

የመጨረሻውን ገጽ አሳየኋት። የማቀዝቀዣው እግር የመጨረሻዋን ሥዕል ከነነገሯ ቀዷታል። የቀረው ጥግ ላይ ያለችው ቃል ብቻ ነው። መንገር ያለብኝ አይመስለኝም።

ያን ቀን ግን አሸንፌ ተኛሁ። ያቺ ጭረት፣ ያ ያልተቀባ መስታወት፣ ዳነ።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስገባ ብርማዋ ሴት ግድግዳ ላይ ነበረች። አክስቴ ሽፋኑን ከመጽሔቱ አላቅቃ፣ ከመጋረጃው አጠገብ ባለው ሰሌዳ ላይ፣ በአራቱም ማዕዘን በስፒል ወግታ ሰቅላታለች። ጠረጴዛው ላይ የሚያብረቀርቅ ጨርቅ ተዘርግቷል፤ የአንዲት ሙሽራ ድሪያ፣ ያ ሰፊው ስስ ቀሚስ ነው።

«መጣሽ? ይሄን የትከሻ አቆራረጥ እዪልኝ! ከሩቅ ሲያዩት እንዴት እንደሚያምር፤ እጅጌው ከአንገቱ ጋር አንድ ላይ ነው የተቆረጠው።»

«ወግተሻታል!» አልኩ። ድምፄ ራሴን አስደነገጠኝ። «በስፒል ወጋሻት!»

አክስቴ ከሥራዋ ቀና እንኳ አላለችም። አፏ ውስጥ ስፒል ስለነበር ቃሉ በጥርሷ መሀል ነው የወጣው።

«ብረት ናት አላልሽም? አያማትም።»

አሁን ሽፋኑ እኔ ጋ ነው፤ የሙሽራዋ ልብስ ካለቀ በኋላ ሰጠችኝ። ቀለም አልነካትም። ነጸብራቋ እንደ ጥንቱ ነው። ማዕዘኖቿ ላይ ግን ቀዳዳ አለ፤ ሁለቱ ደግሞ አረንጓዴው ሰማይ ላይ። ያሳየኋቸው ሰዎች ሁሉ ሊያጽናኑኝ «ኮከብ ይመስላል» ይሉኛል። አይመስልም። ቀዳዳ ነው።